የረጋው መርፌ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ማሳያውን ዛሬ ጀመርኩት። ለጊዜው ጥቁር ሰሌዳና አራት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ ሙቀት፣ ግፊት፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ፍጥነት፣ ሲወጡ ሙቀቱን የሚጨምሩት፣ ሲወርዱ የሚያበርዱት የመቆጣጠሪያ ዘንጎች ምን ያህል እንደወጡ። ውበቱ በኋላ ይመጣል።

ቡድናችን በኢንተርኔት በምንጫወተው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ በረዶ ሰባሪ መርከብ ሊሠራ ተስማምቷል። እስከ ዛሬ ከብረት ብሎክ መኪናም፣ ክሬንም፣ ጀልባም ገጣጥመናል። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ግን ነክተን አናውቅም። መርከቡ የሚሄደው በኑክሌር ሪአክተር ነው። ጨዋታው ራሱ ለሪአክተር የሚሰጠው ማሳያ አንዲት አምፖል ናት፤ አረንጓዴ ከሆነች ደህና ነህ፣ ቀይ ከሆነች ቀልጠሃል። በመሐል ያለውን የሚናገር የለም። ስለዚህ በጨዋታው ላይ የሚጨመር የራሳችን ማሳያ ያስፈልገናል። «ጋሼ ይሥራው፣ እንጀራው ነው» አሉ። እህቴ ጋሼ ስለምትለኝ ሁሉም፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ የቡድናችን አባል የአውቶቡስ ሾፌሩ ሳይቀር፣ ጋሼ ይለኛል። ያሉትም እውነት ነው። በማቀዝቀዣ መጋዘን ቀኑን ሙሉ የክፍሎቹን ሙቀት የምጠብቀው እኔ ነኝ።

እህቴ የመርከቡን አካል ትሠራለች። የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥ የወጥ ቤት መደርደሪያ ንድፍ ታወጣለች፣ ስለዚህ እጇ ለማዕዘን አዲስ አይደለም። ኮምፒውተሮቻችን ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ምሽታችን እንዲህ ነው፤ እሷ ወንበሯ ላይ እግሯን አጥፋ፣ እኔ ቀጥ ብዬ። ብዙ አናወራም። አያስፈልግም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ቡድኑ ውስጥ አዲስ ሰው ገባ። ያመጣችው እህቴ ናት። ሰዓቷን ልታሠራ ስትሄድ ሠሪው ስልኩን ዕቃ ላይ አስደግፎ የእኛኑ ጨዋታ ሲያይ አገኘችው፤ ወሬ ተጀመረ። በገበያ ሕንፃው ደረጃ ሥር አንድ ሰው ሲቀመጥባት ሌላው የሚቆምባት ሱቅ አለችው። በጨዋታው የሚጠራበት ስም ለምላስ አይመችም፣ ሾፌሩ ወዲያው «ሰዓት ሠሪው» ብሎ ጠራው፤ በዚያው ጸና።

የፓምፑን መቆጣጠሪያ እሱ ይሥራ ተባለ። የማቀዝቀዣውን ውሃ ወደ ሪአክተሩ የሚገፋው ማለት ነው። ባለቤት ያልነበረው ሥራ ነው፣ ተቃውሞ የለኝም።

የእህቴ ሰዓት ለካ ባትሪ ብቻ ነበር የጨረሰው። ባትሪ እኔም እቀይር ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሰዓት ሠሪው «እንዲያው ለሙከራ» ብሎ የራሱን ማሳያ አሳየን። ማንም አላዘዘውም። ክብ ገጽ፣ ቀጭን ጥቁር መርፌ፣ ዙሪያውን ጥቃቅን መስመሮች፤ ቁርጥ የእጅ ሰዓት። መርፌው ይፈሳል እንጂ አይዘልም። ከሪአክተሩ ጋር ገና አላያያዝኩትም፣ ሥዕሉን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት ብሎ ነበር። ይህን የሰማው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ሌሎቹ መርፌውን በማድነቅ ላይ ነበሩ።

ከዚያ የእኔን ከፈትኩ። የእኔ ከሪአክተሩ ጋር የተያያዘ ነው። ቁጥሮቹ ሽቅብ ቁልቁል ይዘላሉ፣ አንዱን አንብበህ ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል። ሾፌሩ «ጋሼ፣ ቁጥሮችህን ብርድ መቷቸዋል፤ ከመጋዘኑ ነው እንዴ ያመጣሃቸው?» አለ።

ሁሉም ሳቀ። እህቴም ሳቀች። የሳቀችው ለቀልዱ ነው። ቀልዱ ጥሩ ነበር።

የሚመጣው ሳምንት እሁድ ሁለቱም ማሳያዎች ቀርበው አንዱ ይመረጣል። ሰዓት ሠሪው ፉክክር ውስጥ መግባት አልፈልግም ብሎ ነበር። አለመፈለጉ ራሱ ሰው ይስባል። እህቴ «ግድ የለህም፣ አቅርበው» አለችው። ለእኔ እንዲህ ብላኝ አታውቅም፤ እርግጥ እኔ ሳላቀርብ ቀርቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

በሻይ ዕረፍት። መርፌ ሣልኩ። መርፌውም ይንቀጠቀጣል። የሚዘለው ሪአክተሩ ራሱ የሚልከው ቁጥር ነው። የእኔ ጥፋት አይደለም።

እህቴ አምሽታ ገባች። ሥራ በዝቶ ነው አለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

አገኘሁት፤ ያገኘሁት ደግሞ እዚያው መጋዘን ነው።

ፎርክሊፍት የምትነዳዋ ባልደረባዬ የሥጋውን ክፍል በር ከፍታ ገባች። በር ሲከፈት ሞቃት አየር ይገባና ሙቀቱ ለቅጽበት ይዘላል፤ ሥጋው ግን ምንም አይሆንም። ለዚህ ነው የመጋዘናችን ማሳያ የቅርብ ጊዜዎቹን ልኬቶች ደምሮ አማካዩን የሚያሳየው። እንደዚያ ባይሆን በር በተከፈተ ቁጥር ደወል ይጮህ ነበር። ይህን ድሮ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ አለቃችንም ለጎብኚ ሁሉ ያሳያል።

ወደ ቤት መጥቼ ያንኑ ለሪአክተሩ ሠራሁት። መርፌው አሁን የሚያየው የደረሰውን ቁጥር ሳይሆን የቅርቦቹን አማካይ ነው። እንደ ዘይት ይሄዳል። ደጋግሜ አየሁት። የሰዓት ሠሪው ሥዕል ነበር፤ ይኼ እውነተኛው ነው፣ ያውም ከሥዕሉ የረጋ።

ለእህቴ ላሳያት ወንበሬን ዞር አደረግኩ። አልመጣችም ነበር ለካ።

እሁድ፣ ጥቅምት 17

የእኔ ተመረጠ። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ፣ የሚያስደስት ነገር ነውና። ሾፌሩ «ብርዱ ለቀቃቸው!» አለ። ሰዓት ሠሪው ከሁሉም በላይ አመሰገነኝ። እጅህ ይባረክ፣ የእኔ ከዚህ አጠገብ መጫወቻ ነው አለ። የሚበልጥህን ሰው ማመስገን ቀላል ነው፤ የምትበልጠውን ማመስገን ደግሞ ከዚያ ይቀልላል። የትኛው እንደሆነ ከድምፁ መለየት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሙቀቱ ድንገት ቢዘል መርፌው ቶሎ ያሳያል ወይ አለኝ። ያሳያል አልኩት።

ያን ጊዜ ነው የሆነው። እህቴ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዋ ዘንድ ነኝ ብላ ወጥታ ነበር፣ ከዚያው ሆኜ በስልክ አዳምጣችኋለሁ ብላ። ወንበሯ አጠገቤ ባዶውን ነበር። ሾፌሩ አንድ ነገር ቀለደ፣ ምን እንደሆነ አላስታውስም፤ በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ የእህቴን ሳቅ ሰማሁ። በእሷ ስልክ በኩል አልመጣም። የእሷ ማይክ ተዘግቶ ነበር። የመጣው በሰዓት ሠሪው ማይክ ነው፣ ከበስተኋላው፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በአፏ ላይ እጇን ስትጭን እንደሚሆነው።

ሌላ ሰው ያወቀ አይመስለኝም። ሳቋን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማውቀው እኔ ነኝ።

ስትገባ ጓደኛሽ ደህና ናት ወይ አልኳት። ደህና ናት አለችኝ። ስለ ምርጫው እንኳን ደስ አለህ አለች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ተቆጥቼ አይደለም። የገረመኝ ውሸቷ ነው፤ ለእኔ መዋሸት ለምን አስፈለጋት?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ሰዓት ሠሪው ቤት መጣ። የፓምፑንና የማሳያውን ሽቦ እናገናኝ በሚል ነው፣ ሽቦው ግን በጨዋታው ውስጥ ነው፣ ለዚህ ቤት መምጣት አያስፈልግም።

ከጠበቅሁት ያጠረ፣ ንጹሕ ጥፍር ያለው፣ ሲያዳምጥ ራሱን ዘንበል የሚያደርግ ሰው ነው። በጨዋታው አንተ ሲለኝ ኖሮ በር ላይ ሲያየኝ እርስዎ አለኝ። አክብሮት ነው። ያለ ዕድሜዬ አረጀሁ እንጂ።

እህቴ ለእሱ የእኔን ወንበር ሰጠችው። ሁለቱ ጎን ለጎን ስክሪኑን ሲያዩ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ብዙ አያወሩም። አንዱ እጁን ወደ ማውሱ ሲልክ ሌላው ይለቅለታል።

ሰውየው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ የግድግዳ ሰዓታችንን አየ። ወደ ኋላ እንደቀረ አውቋል። ሲሄድ ወንበር ላይ ወጥቼ አስተካከልኩት። እህቴ ከሥር ሆና እያየችኝ «ምነው ጋሼ፣ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበርኮ» አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ሙከራ አደረግኩ። ዘንጎቹን በአንድ ጊዜ ሁሉንም አወጣኋቸው፤ ሙቀቱ ሽቅብ ተወነጨፈ። መርፌው ገና አረንጓዴው ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ ሪአክተሩ ቀለጠ።

አማካይ ነው እንግዲህ። የቀድሞዎቹ ቀዝቃዛ ልኬቶች አዲሱን ትኩስ ይጎትቱታል። ግን ማን ነው ዘንጎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ? ሾፌሩ እንኳ አያደርገውም።

አማካዩን ባነሳው መርፌው መልሶ ይንቀጠቀጣል። እሁድ ረጋ ብዬ አየዋለሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 1

መርፌውን አላየሁትም። እንግዳ ነበረብን፤ ሰዓት ሠሪው ነው።

ከሄደ በኋላ እህቴ ጠረጴዛውን እየጠረገች አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ አለች። መርከቡ የበረዶ ጉዞውን ካደረገ በኋላ ንገሪኝ አልኳት። ረጅም አይደለም አለች። ራሴን አሞኛል አልኳት። እውነትም አሞኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

በመጋዘኑ። ቸኩያለሁ። መርከቡ አልቋል፣ አምሯል። የእህቴ እጅ የትም ይታወቃል። እሁድ እንጓዛለን፤ ሌሎች ቡድኖችም ሊያዩ ይመጣሉ።

ባልደረባዬ ፎርክሊፍቷን አቁማ፣ ፊትህ የአማት ቤት እንግዳ መስሏል፣ ምን ሆነሃል አለችኝ። ሥራ ነው አልኳት። «እህትህ ልታገባ ነው እንዴ?» አለች እየሳቀች። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ሰው ዝም ብሎ ይናገራል።

እሁድ፣ ኅዳር 8

እንደሆነው ልጻፈው።

ሾፌሩ መሪው ላይ ነበር። እኔና እህቴ እዚህ፣ ሰዓት ሠሪው ሱቁ፣ ሌሎቹ በየቤታቸው። እስከ ባሕሩ ግማሽ ድረስ የሚያምር ጉዞ ነበር። የመርከቡ አፍንጫ በረዶው ላይ ይወጣል፣ በክብደቱ ይሰብረዋል፣ ይወርዳል። የሌሎች ቡድኖች ሰዎች በትናንሽ አውሮፕላኖች ከላይ ይዞሩ ነበር። መርፌዬ ቀጥ ብሎ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው «ይህን ማሳያ የሠራው ማነው?» ብሎ ጻፈ። እህቴ ጉልበቴን መታ አደረገችኝ።

ከዚያ ስባሪ በረዶ የፓምፑን ውሃ መሳቢያ ደፈነው። ፓምፑ ቆመ። ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ሰዓት ሠሪው መሳቢያው ሲደፈን ፓምፑ በረዶውን መልሶ እንዲተፋና እንደገና እንዲነሣ አድርጎ ነው የሠራው። ያን ጊዜ ዘንጎቹ ዝቅ ቢሉ ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። ሾፌሩ ማሳያውን አየ። «አረንጓዴ ነን፣ ሰላም ነው» አለና ገፋበት።

መርፌው ገና ሲነሣ መርከቡ ከመሐሉ ነጭ ሆነ። ከዚያ አካሉ ተከፈተ፣ ሰጠመ። ቁርጥራጩ በረዶው ላይ ተበተነ።

መጀመሪያ የተናገረው ሾፌሩ ነው። ሲጠይቅ አልቀለደም። «ፓምፑን የሠራው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ» አለ ሰዓት ሠሪው።

ጥያቄው ስለ ፓምፑ ነበር። እኔን የሚመለከት ጥያቄ አልተጠየቀም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ፓምፑ ነው ይላሉ። ፓምፑም ቆሟል፤ ይህ እውነት ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

ሥራ ቦታ ራሴን አመመኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

እህቴ ሰዓት ሠሪውን ተጣላችው።

ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነገረችኝ። ሱቁ ሄዳ ነበር። እሷ አይዞህ ልትለው ነው የሄደችው፣ እሱ ደግሞ ፓምፑ ለጥቂት መቆሙ የታሰበበት እንደሆነ፣ መርፌው በጊዜው ተናግሮ ቢሆን ሾፌሩ ዘንጎቹን ዝቅ ያደርግ እንደነበር ነገራት። ማሳያው ላይ አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም፣ ጋሼን እስቲ ጠይቂያቸው ብሎ። ቀስ ብሎ ነው ያለኝ አለች።

«ወንድሜን አትንካ አልኩት» አለችኝ። «የራስህን ጥፋት በሱ ላይ አትለጥፍ፣ እሱ ነገር ቢያጠፋ መጀመሪያ የሚናገር ሰው ነው አልኩት። ደግሜም እዚህ አልመጣም ብዬው መጣሁ።»

እኔም ምን አልኩ? ተይው፣ ሰው ሲጨንቀው ብዙ ይላል አልኳት። ይህ ለእሱ መከራከር ነበር፣ ከፈለግኩ እንዲያ ልቆጥረው እችላለሁ።

ሾርባ ሠራሁ። ሁለታችንም ጠጣን። ቤቱ እንደ ድሮው ሆነ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

እህቴ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት። መጋረጃዎቹን አውርዳ አጠበች። ቤቱ እንደ ድሮው ነው። ኮምፒውተሯን ግን አልከፈተችም። ስልኳን በየመሐሉ ታያለች፣ ከዚያ በፊቱ ትደፋዋለች።

እንጫወት ወይ አልኳት። ጥርስ የሚያመው ሰው ብላ ሲሉት እንደሚያይ አየችኝ።

አልከፋኝም። ያልፍላታል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ሾፌሩ ደወለ። ሰዓት ሠሪው ከቡድኑ ወጥቷል። ሳይጣላ፣ ሳያማ፣ የፓምፑን ሥራ ለማንም ይሁን ብሎ ትቶላቸው። ሾፌሩ «እኔ እኮ ቀለድኩበት እንጂ ውጣ አላልኩትም» አለ። ሲቆጨው ሰምቼው አላውቅም ነበር።

የፈለግኩት ይህን ነበር እንዴ? ፈለግኩ ማለት ይከብዳል። ሲሆን ግን አልከለከልኩም።

ዛሬ ጠዋት የእህቴ ዓይን ቀልቶ ነበር። ሽንኩርት እንዳልል፣ ቁርስ ላይ ሽንኩርት አልነበረም።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

በገበያው ሕንፃ በኩል መጣሁ። መንገዴ አይደለም።

ሱቁ ከሰማሁትም ትጠባለች። ማጉያ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ከላዩ ሰው ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይንኳኳል። ዞሬ ልሄድ ስል አየኝ። ብድግ ብሎ ያለችውን አንዲት በርጩማ አወጣልኝና እሱ ቆመ። ይከሰኛል ብዬ ነበር። ቢከሰኝ የምለው ነበረኝ፤ መንገድ ላይ አሰናድቼዋለሁ።

«እሷ ደህና ናት?» ብቻ አለኝ።

ደህና ናት አልኩት። ስለ ዓይኗ አልነገርኩትም። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም፤ ስለ ማሳያውም ቢሆን። እጁ ላይ የያዛትን ትንሽ ሰዓት መልሶ እስኪያስቀምጥ ድረስ ተቀመጥኩና ተነሣሁ። ሊሸኘኝ እስከ ደረጃው ጫፍ መጣ።

ስቀና የኖርኩት በምን እንደሆነ ቆሜ አስቤ ነበር። በመርፌው ነው ብዬ ነበር ሳምንታቱን ሁሉ። መርፌውን ከወሰድኩበት ቆይቻለሁ። ሰውየው ግን አሁንም ያስቀናኛል። እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ፣ ስሙ ጎድፎ፣ የጠየቀኝ ስለ እሷ ነው። እኔ ከእሷ ጋር አንድ ቤት እያደርኩ ይህን ጥያቄ አልጠየቅኋትም።

እሁድ፣ ኅዳር 22

ነገርኳት።

ልብስ ትተኩስ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር ቀለለኝ። አማካዩን ነገርኳት፣ ከመጋዘኑ እንዴት እንዳመጣሁት፣ ለምን መርፌው እንደዘገየ። ጥፋቱ የሰዓት ሠሪው አይደለም፣ ፓምፑ እንደታሰበው ነው የሠራው አልኳት። ይህን ስጨርስ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ካውያውን አቆመችው። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሞክሬው ነበር።»

«መቼ አልኩህ ጋሼ።»

«ከጉዞው በፊት።»

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። ገመዱን ቀስ አድርጋ ጠቀለለችው። የምትጮህ መስሎኝ ነበር፣ ቢሆን በወደድኩ።

«መርከቡስ ጨዋታ ነው» አለች። «ነገ ሌላ ይሠራል። እኔ ግን በእውነተኛ ሰው ላይ ነው ፊቴን ያዞርኩት። ወንድሜ ቢያጠፋ ይናገራል ብዬ፣ በአንተ ምዬ። አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ሾርባ ትጠጣለህ።»

ለምን አደረግከው ብላ አልጠየቀችም። ልብሱን ግማሹን ሳትተኩስ ትታው ክፍሏ ገባች። የቀረውን እኔ ተኮስኩት። ሁሉም የእኔ ሸሚዞች ነበሩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ለቡድኑ በሙሉ ጻፍኩ። አሳጥሬ፣ ያለ ሰበብ። መርፌው ያሳየው አማካይ እንደነበር፣ እንደሚዘገይ አስቀድሜ እንዳየሁ፣ ዝም እንዳልኩ። ፓምፑ ምንም እንዳልነበረበት። ይህን እንዳዩ ሰዓት ሠሪውን መልሰው ጠሩት፤ እሱም አንብቦታል። «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብሎ መለሰ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

አማካዩን አነሣሁት። ሙቀቱ ሲዘል መርፌውም ይዘላል፣ ደወልም ይጮሃል። ሾፌሩ ሞከረውና፣ «አሁንም ብርድ መቷቸዋል፤ ግን አሁን የሚንቀጠቀጡት ከልባቸው ነው» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ትንሽ።

እህቴ አልሳቀችም። ኮምፒውተሯ ተዘግቷል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

በጠዋት ወጣች። የት እንደምትሄድ አልደበቀችኝም። እሱ ዘንድ ነኝ አለች፤ ከፈለገ ያስገባኛል፣ ካልፈለገ እመለሳለሁ። እንዳይፈልግ ተመኘሁ። ይህን ከመጻፍ ባልጻፍ ይሻል ነበር፣ ግን ተመኝቻለሁ።

እስከ ማታ አልተመለሰችም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ዛሬ እራት ላይ፣ «ያን ጊዜ ልነግርህ የነበረውን አሁን ልንገርህ ወይስ ራስህን ያምሃል?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነው፣ ቀልድ ከሆነ። ንገሪኝ አልኳት።

እሷና ሰዓት ሠሪው ከሥራ ቦታዋ ብዙ ሳይርቅ አብረው የሚኖሩበት ሁለት ክፍል አግኝተዋል። ከጉዞው በፊት ጀምሮ ሲፈልጉ ኖረዋል። መጀመሪያ ለእኔ ነግራኝ ከዚያ ለሌላው ልትናገር ነበር። «ብቻህን ትቀራለህ ብዬ ነው ያቆየሁት፤ አንተ ምን እንደምትል ፈርቼ አይደለም» አለች።

እኔ ደግሞ ብቻዬን መቅረትን የማልፈራ መስሎኝ ነበር። ጥሩ ሰው ነው አልኳት። አውቃለሁ አለች። ይቅር ብለሽኛል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ሳህኑን አብረን አጠብን።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 13

ዛሬ ወጣች።

ሾፌሩ የሆነ ሰው መኪና ተውሶ መጣ። በአካል ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፁ ከሰውነቱ ይገዝፋል። ትናንሹን ዕቃ እሱና እህቴ አወረዱት። የእናታችን ቁም ሳጥን ቀረ። ውሰጂው ብያት ነበር፤ አልፈልግም አለች፣ ኋላ ፈለገች። ሊፈታ የማይችል የድሮ ሥራ ነው፣ እንዳለ መውረድ አለበት። ሰዓት ሠሪው ከላይ ያዘ፣ እኔ ከታች።

ደረጃችን ጠባብ ነው። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ግድግዳውን ፋቅነው። ከዚያ ወዲህ ክብደቱ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ አይታየኝም፣ የሚታየኝ እንጨቱንና ጠርዙን የያዙት ጣቶቹ ናቸው። ትንፋሼ አጠረ፣ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ከበደዎት?» አለኝ ከላይ።

አፌ ላይ የነበረው ደህና ነኝ፣ ቀጥል የሚል ነው። ወጥቶ ነበር ለማለት ይቻላል።

«አዎ» አልኩት። «ከብዶኛል።»

«እንግዲያው እናሳርፈው።»

ቀስ አድርገን ደረጃው ላይ አቆምነው። እሱ ከላይ ተደግፎ ያዘልኝና እኔ ከሥሩ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እህቴ ከታች፣ ምን ሆናችሁ፣ መኪናው መንገድ ዘግቶ ቆሟል ብላ ተጣራች።

«ጋሼ ደክሟቸዋል» አላት። «ትንሽ ይረፉ።»

አልተቃወምኩም። ክንዴ እስኪረጋ ድረስ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ብድግ አልኩና የታችኛውን ጫፍ መልሼ ያዝኩ።